ሠርግ የሚሄድልኝ ሰው

መቐለ ውስጥ መስኮት የሚሠራ ብዙ ነው። ሲዘጉት የሚዘጋ መስኮት የሚሠራው ግን እኔ ልዑልሰገድ ነኝ። እስከ ዛሬ የሠራኋቸውን መስኮቶች ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው ከሮማናት አደባባይ ተነስተው ዓዲግራት ይደርሱና ትንሽ አርፈው ይመለሳሉ። ባለቤቴ እድላዊት «እዚሁ አጠገባችን ቁሓም አይደርሱ» ትላለች። እሷ የደሴ ልጅ ስለሆነች የቁሓን ርቀት በደንብ አታውቀውም። የዛሬ ሃያ ዓመት ማኔጅመንት ልትማር ዩኒቨርሲቲያችን መጥታ፣ እኔም የዶርሟን መስኮት ልጠግን ገብቼ ተገናኘን። ጠግኜ ስወጣ ልቧ ተከትሎኝ ወጣ። እሷ «ሦስት ዓመት ለምነኸኝ ነው» ትላለች፤ የሰው ትዝታ ይለያያል።

ድርጅታችን ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሩቅ ለሚያየው የቆርቆሮ ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ግን አምስት ዲፓርትመንት አለው፦ ልኬት፣ ቆረጣ፣ ገጠማ፣ ሽያጭና የውጭ ግንኙነት። የአራቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ አምስተኛውን እድላዊት ይዛለች። በቁጥር ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ነን። ስንሠራ የሚሰማው ድምፅ ግን የሃምሳ ሰው ስለሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሃምሳ እላለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብን፤ በሰዓቱ አናደርስም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የመወደዴ ነው። በእኛ ከተማ መስኮት የሠራህለት ሰው መስኮቱን ተረክቦ አይለይህም፤ ዘመድህ ይሆናል። ልጁን ሲድር ይጠራሃል፣ ክርስትና ሲያነሳ ይጠራሃል፣ ሰው ሲሞትበት ሳይጠራህ ትሄዳለህ። አንዱን ከቀረህ ያ ሰው በረንዳውን ለሌላ ያሠራል፤ ወንድሙም፣ የወንድሙ ጎረቤትም እንደዚያው። በተለይ ጥር ሲገባ፣ ዐቢይ ጾም ሳይደርስ ልጁን ያልዳረ ሰው የሚቀጣ ይመስል ከተማው በሙሉ ድንኳን ይተክላል። ባለፈው ጥር ከሠላሳው ቀን ሃያ ሰባቱን ሠርግ ቤት ነው የዋልኩት። እድላዊት አሥራ ሦስት ትላለች። እሺ፣ አሥራ ሦስት ይሁን፤ አሥራ ሦስት ቀን መጋዝ ሳይነካ የሚውል ልኬት ኃላፊ ቀላል ነገር ነው?

እንዲህ እያለን ነው የኣቦይ ሃይለ ሥራ የመጣው።

ኣቦይ ሃይለ ቁሓ ላይ፣ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሆቴል የሚያሠሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቦታው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የሻይ ብርጭቆ ብቻውን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዛወሩ ነው። ስለዚህ ድርብ መስታወት ያለው፣ ድምፅ የማያሳልፍ መስኮት ፈለጉ። ለሦስት ወርክሾፖች ምድር ቤት ላይ አንድ አንድ አዳራሽ ሰጡን፤ ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት መስኮት።

«ሰኞ ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» አሉ። «ቀድሞ የጨረሰና የዘጋ ሙሉውን ሆቴል ይወስዳል።»

«ኣቦይ ሃይለ፣ እኔ እኮ በነገው...»

«ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ ‹ነገ› ስትለኝ የየትኛው ዓመት ነገ እንደሆነ አላውቅም። ሰኞ።»

ያንን ሥራ ካላገኘን ከአሥራ አንዳችን አምስቱ ከጾሙ በፊት ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነበር፤ ሌላ ሥራ በእጃችን አልነበረም። ይህ ማጋነን አይደለም፤ እድላዊትም አምስት ነው የምትለው። ከአምስቱ አንዱ ኣንዶም ነው፤ ብረት እንደ ሊጥ የሚያጥፍ ልጅ፣ ቤት ተከራይቶ ሚስት ካገባ ወር ያልሞላው።

በዚያው ምሽት እድላዊት የተማረችውን ትምህርት አወጣችብኝ። «ዋና ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም።»

«ልኬትና ገጠማ ነው። ሌላውን ከአንተ በተሻለ ለሚሠራው ስጥ። አውትሶርስ ይባላል፤ አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት።»

«ትልልቆቹ» ስትል ጆሮዬ ቆመ። በማግስቱ ማመላለሱን ኢሱዙ ላለው ለሳሊህ ሰጠሁ። እኛ በጋሪና በለመንነው መኪና ስናጓጉዝ ከአሥር ፍሬም ሁለቱ ይጣመም ነበር፤ ሳሊህ ግን ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንቁላል የጫነ ይመስል ይነዳል። የመስታወት ቆረጣውን ለሒክማ ሰጠሁ፤ ይህች ሴት መስታወት ስትቆርጥ መስታወቱ ራሱ አያውቅም። በሳምንት ውስጥ የተሰበረ መስታወት መጥረግ ቀረ፣ መጥረጊያችንም ጡረታ ወጣ።

እድላዊት እዚህ ላይ እንዳቆም ነበር ሐሳቧ። እኔ ግን አንድን ነገር ከጀመርኩ ጫፉን ካላየሁ አልተውም። ቀኔን የሚበላው ምንድን ነው ብዬ ጠረጴዛዬን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የጥሪ ካርድ ክምር አለ።

መምህር ገብረተንሳኤን የማያውቅ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ናቸው። ድንኳን ውስጥ ሲገቡ የማያውቃቸው ሰው ራሱ ብድግ ይላል። ሲመርቁ ድንኳኑን የያዘው ካስማ «አሜን» ይላል። እቤታቸው ሄጄ ውሌን ዘረጋሁ።

«መምህር፣ ሥራው ቀላል ነው። በእኔ ስም መብላት፣ መመረቅ፣ አንዳንዴ ማዘን።»

«ይሄንን እስከ ዛሬ በነፃ ስሠራው ኖሬያለሁ» አሉ መነጽራቸውን እያደረጉ። ውሉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሠርግ ላይ ምሳ እስኪነሳ መቀመጥ፣ ቢያንስ አንድ ዙር መጨፈር። ደግ። ለቅሶ ላይ... እንባ የሚል የታለ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ጥሩ አድርገሃል። እንባ በውል አይመጣም። ከመጣ ግን አልመልሰውም።»

«ስለ እኔ ከጠየቁዎት ‹ልዑልሰገድ ለስብሰባ ቻይና ሄዷል› ይበሉልኝ።»

«ሄደሃል?»

«ልቤ ሄዷል።»

«ልዑል» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የቻይናን ካርታ ሠላሳ አራት ዓመት በጠመኔ ስያለሁ፤ አንድም ቀን አንተን እዚያ አላየሁህም። ወርክሾፕ ነው ያለው እላለሁ።»

«እሺ። ሃምሳ ሠራተኛ እንዳለን ግን...»

«መጥቼ እቆጥራቸዋለሁ።» በእውነት መጡ። በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚቆጥሩ ቆጠሩን። «አሥራ አንድ» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

እድላዊት ነገሩን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህሩ ጋቢያቸውን አጣፍተው ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ ነው።

«ሠርግ? ሠርግ ነው አውትሶርስ ያደረግከው?»

«አንቺ አይደለሽም ዋና ሥራህን ያዝ ያልሽኝ?»

«እኔ ያወራሁት ስለ ጭነትና ስለ ጥበቃ ነው! ሰው እኮ የሚጠራው አንተን ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከእኔ የተሻለ ሰው ልኬላቸዋለሁ። ተጎዱ?»

መልሷን ሳልጠብቅ ካርዶቹን ለመምህሩ አስረክቤ ወደ መጋዜ ዞርኩ።

በዚያ ቅዳሜና እሑድ፣ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥር ወር ላይ ወርክሾፕ ዋልኩ። እጄ ራሱ ተደነቀ። የስድስት መስኮት ፍሬም ቆርጬ ገጣጠምኩ፤ ኣንዶም «ኣያ ልዑል፣ አሞሃል እንዴ?» ብሎ ግንባሬን ሊነካ ምንም አልቀረው። መምህሩ ደግሞ በሁለት ቀን ሦስት ሠርግ፣ አንድ ለቅሶና አንድ ክርስትና አዳረሱ። እኔ ብሆን በአንዱ ሠርግ አምሽቼ ሌላውን እረሳ ነበር።

ሰኞ በር ስንከፍት አራት ሰዎች ቆመው ጠበቁን። ፊት የነበረችው ለተመድህን የምትባል፣ ዱቄት ቤት ያላት ሴት ናት።

«ሠርጉ ላይ መምህሩን ስለ አንተ ጠየቅኳቸው» አለችኝ። «‹በሰዓቱ አያደርስም፤ የሠራው መስኮት ግን ነፋስ አያሳልፍም› አሉኝ።»

«አያደርስም ነው ያሉት?»

«እኔም እውነቱን የሚነግረኝ መስኮት ሠሪ አገኘሁ ብዬ መጣሁ። አሁን አዝዤ ለፋሲካ እጠብቃለሁ። ፋሲካ ይበቃሃል?»

በጣም ተናደድኩ። ተናድጄ ልኬቷን ወሰድኩ። ከዚያ ተናድጄ የሌሎቹን የሦስቱንም ወሰድኩ። ሽያጭ ዲፓርትመንቴ በሁለት ወር ያላመጣውን መምህሩ በአንድ ምሳ አመጡት፤ ዶሮ እየበሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣ ካርድ ሁሉ ሳልነካው ወደ ክምሩ ሄደ። አርብ ዕለት መምህሩ መጥተው ክምሩን ሲያነሱ «አንዱንም አላየኸውም እንዴ?» አሉኝ።

«መምህር፣ ትልቅ ድርጅት ካርድ አያነብም። ሁሉንም ይውሰዱ።»

ወሰዱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቁሓ፣ ሆቴሉ ውስጥ ነበርን። አሥራ አንዱ መስኮት ተገጥሟል። አሥራ ሁለተኛው ግን አልገባ አለ። ግንበኛው ያንን ቀዳዳ የተወው የሆነ ነገር አስቆጥቶት መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል ሁለት ጣት ያህል ጠሟል። ያንን ማቃናት የሚችል እጅ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱ ተወዳዳሪዎቼ ግን ገና በስድስት ሰዓት ሱፍ ለብሰው ውልቅ ብለው ሄደዋል። «ሰነፎች» አልኩ ለእድላዊት። እሷ ውሃ ልኩን ይዛልኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። መምህሩ ናቸው፤ ከኋላቸው ከበሮ ይደለቃል።

«ልዑል፣ ሁለተኛው ሠርግ ላይ ነኝ።»

«እንዴት ነው?»

«መልካም ነው። ወጡ ትንሽ በርበሬ በዝቶበታል። የሙሽራዋ አባት ግን አንተን ይፈልጉሃል።»

«ማን ናቸው?»

«ኣቦይ ሃይለ ይባላሉ። ሆቴል እያሠሩ ነው አሉ።»

ከቆምኩበት መወጣጫ ልወድቅ ነበር፤ አራት ሜትር ከፍታ። ሁለቱ ሱፍ ለባሾች ወዴት እንደሄዱ ያን ጊዜ ገባኝ።

«መምህር! ምን አሏቸው?»

«እውነቱን። ካርዱን ሳያየው ለእኔ ሰጠኝ አልኳቸው። አሁን የእርስዎ መስኮት ላይ ነው፤ ጠዋት በባጃጅ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀዳዳ ጠሞበት እየታገለ ነው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ተነስተው ሄዱ።»

ስልኩን ዘግቼ መሰርሰሪያውን ጣልኩ። ልሩጥ ነው፤ በዚያው የመስኮት ማሸጊያ ሙጫ፣ ሲሊኮን፣ በተለጠፈበት ቱታ፣ ፀጉሬ ውስጥ የአሉሚኒየም ብናኝ እያብረቀረቀ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ልለምን። እድላዊት ውሃ ልኩን እንደያዘች መንገዱን ዘጋችብኝ።

«የት ልትሄድ?»

«ይቅርታ ልል። የልጃቸውን ሠርግ ቀርቼባቸው፣ በተከራየሁት ሰው ተወክዬ...»

«ሄደህ ስትመለስ ይመሻል። አሥራ ሁለተኛው ካልገባ አሥራ አንዱም እንዳልገባ ነው፤ ድምፅ በአንድ ቀዳዳም ይገባል። ይቅርታውን በኋላ እንላለን፣ ሁለታችንም እንሄዳለን። አሁን ጨርስ፣ ልዑሌ።»

«ልዑሌ» የምትለኝ በዓመት አንዴ ነው። ኣንዶምን አየሁት፤ ፍሬሙን ተሸክሞ ያየኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት ጥዬ ወደ ሠርግ ሮጫለሁ። መሰርሰሪያውን አነሳሁ።

አንዱን ጎን ፍቀን ሌላውን ልንሞላ ስንል የመኪና ጥሩምባ ሰማን። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። በቀዳዳው ስመለከት ከከተማ የሚመጣው መንገድ በመኪና ተሞልቷል፤ መቶ ሃያ መኪና፣ ሁሉም አበባ ለብሶ። (እድላዊት አሥራ ስምንት።) ከፊት የሚመራው የሳሊህ ኢሱዙ ነው! ጀርባው ላይ ከበሮ መቺዎችና እልል የሚሉ ሴቶች ተጭነዋል፤ ሳሊህም እንደ ልማዱ እንቁላል እንደጫነ ቀስ ብሎ ይነዳል።

ኣቦይ ሃይለ ካባቸውን እንደለበሱ ወረዱ። ሙሽራዋ ሉላ ቬሏን ሰብስባ፣ ሙሽራው ፍስሐ በጥቁር ሱፍ፣ ሚዜዎቹ፣ ቪዲዮ አንሺው፣ በመጨረሻም መምህር ገብረተንሳኤ በነጭ ጋቢያቸው ወረዱ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎቼም አሉ፤ ጫማቸውን ያያሉ።

«ሠርጌ ላይ ሰው ላክህ» አሉኝ ኣቦይ ሃይለ።

«ኣቦይ፣ በማርያም፣ ካርዱን ባየው...»

«እኔም በአፀፋው መስኮትህን የሚያይ ሰው ልልክ አስቤ ነበር። ኋላ ልጆቹ ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ሲፈልጉ፣ ራሴው ልሂድ አልኩ። አንተ ወደ ሠርጌ ካልመጣህ ሠርጌን ይዤልህ መጣሁ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አዳራሾቹን ዞሩ። የመጀመሪያው ውስጥ አራት መስኮት ቆሟል፣ ስምንት ቀዳዳ ያፏጫል። ሁለተኛው ውስጥ አሥራ ሁለቱም ፍሬም ቆሟል፤ ኣቦይ ሃይለ በአንዱ ውስጥ ክንዳቸውን አሳልፈው ከውጭ ላለችው ሚዜ ሰላምታ ሰጡ፤ መስታወት የለውማ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። አሥራ አንዱ ተዘግቷል። አሥራ ሁለተኛው እቅፌ ውስጥ ነው።

«በስንት ደቂቃ ይገባል?»

«በሁለ...»

«በአርባ ደቂቃ» አሉ መምህሩ።

ኣቦይ ሃይለ ከእኔ ወደ መምህሩ፣ ከመምህሩ ወደ እኔ አዩ። «አርባ ደቂቃ እንጠብቃለን። ከበሮ!»

እንግዲህ አስቡት። ልስን ያልተደረገበት ሲሚንቶ ላይ ሠርግ ተጀመረ። ጓይላው ክብ ሠርቶ ይዞራል፣ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ይነሳል፤ እኔና ኣንዶም ደግሞ ጥጉ ላይ ፍሬም እየገፋን ነው። ከበሮው ሲደለቅ መሰርሰሪያዬ አብሮ ይደልቃል። አንዲት አክስት እያለፈች ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ፤ እጄ ስላልተመቸኝ አልተከላከልኩም። በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቅኩ። ይህን ቁጥር የያዙት መምህሩ ናቸው፤ ሰዓታቸውን ጠይቋቸው።

ኣቦይ ሃይለ ሉላን ጠሩ። «ነይ ዝጊው፣ ጓለይ።»

ሉላ በአንድ ጣቷ ገፋችው። ጠቅ ብሎ ገባ። ድምፁን ለመሞከር ሰዉ ሁሉ ከነከበሮው ወደ ውጭ ወጣ፤ ውስጥ የቀረነው ኣቦይ ሃይለ፣ ሙሽሮቹ፣ መምህሩ፣ እድላዊትና እኔ ነን። ውጭ ከበሮው ሲመታ ይታያል፤ ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው እልል ሲሉ ይታያል። የሚሰማው ግን የራሳችን ትንፋሽ ነው። ወዲያው ከላይ የምሽቱ አውሮፕላን መጣ። ኣቦይ ሃይለ በልማድ ጆሯቸውን ያዙ። ጥላው ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ጆሯቸውን ለቀቁ።

«አለፈ እንዴ?»

«አራት አውሮፕላን ነው ያለፈው» አልኩ።

«አንድ ነው» አሉ መምህሩ። «ትንሽ ይሰማል። እንደ ዝንብ።»

ኣቦይ ሃይለ ሳቁ፤ ጥርሳቸው እስከ ኋለኛው ድረስ ታየ። «ዝንብ ከሆነ እንግዳዬ ይተኛል። ወደይ፣ አንተ ብቻ ‹ምንም አይሰማም› ብለኸኝ ቢሆን ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ሆቴሉ ያንተ ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ስለ ቀን የሚያናግሩኝ መምህር ናቸው። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«በሃያ ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። መምህሩ ማስታወሻቸውን ገለጥ አደረጉ።

«አሥራ አንድ ሰው ናቸው። እስከ ሰኔ መጨረሻ።»

«ሰኔ ይሁን» ብለው ኣቦይ ሃይለ የመምህሩን እጅ ጨበጡ። የመምህሩን! የእኔን አይደለም። ኣንዶም ከውጭ በመስታወቱ ሲያየን አውራ ጣቴን አነሳሁለት፤ ያ ልጅ የዘለለው ዝላይ መስኮቱን በላይ በኩል ሊያልፍ ነበር።

እድላዊትን ጥግ ያዝኳት። «ጭነቱን ለሳሊህ ሰጠሁ፣ መስታወቱን ለሒክማ፣ ሠርጉን ለመምህሩ። አሁን ደግሞ አፌንም ወሰዱት። ለእኔ ምን ቀረ?»

«እጅህ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቧራው ነው ትላለች። «እሱንም ታጠበው።»

ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አልሰማሁትም። ኣቦይ ሃይለ ካባቸውን ወደ ኋላ ወርውረው «ና ጨፍር፤ ለጭፈራ ሰው አይላክም!» ብለው ወደ ክቡ ጎትተውኝ ነበር። ጨፈርኩ። ቁሓ እንደዚያ ያለ ትከሻ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ዙሩ ፍስሐ ጋ ሲያደርሰኝ በደስታ አቅፌ ጀርባውን መታሁት።

ሚዜዎቹ ጮኹ። ጥቁሩ ሱፍ ላይ፣ መሀል ጀርባው ላይ፣ ነጭ የሲሊኮን መዳፍ ከነአምስት ጣቱ ቁጭ ብሏል። ቪዲዮ አንሺው ተጠግቶ አነሳው። ፍስሐ አንገቱን አዙሮ ሊያየው እየሞከረ፣ እየሳቀ፣ «ኣያ ልዑል፣ ይሄ ነገር ይለቃል?» አለኝ።

«የእኔ ሥራ?» አልኩት፣ ከበሮውን በልጬ እየጮኽኩ። «የእኔ ሥራ አይለቅም!»